ሁለተኛው ሳልባትዮ

ከኢላይ ስንነሣ ሁለት ሆድ ነበረው መኪናችን፣
አንዱ የፋብሪካው፣ አንዱ የጭንቀታችን።
“ሁለተኛውን ሞክረሽዋል?” አለኝ አስማረ፣ መሪውን ይዞ፣
“አዎ” አልኩት በመስኮት እያየሁ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ተጉዞ።

ቶኖፓ ሩቅ ነው። መሐሉ ማደያ የለ፣ ቆጥ የምታህል ሱቅ የለ፣
መንገዱ እንደ ክር ተወጥሮ ከሰማዩ ጫፍ ተንጠለጠለ።

ዋናው ታንክ ሊነጥፍ ሲል ማብሪያውን ተጫንኩት፣
ትንሿ ቀይ መብራት በራች፤ “ይኸውልህ” አልኩት።
ፓምፑ ከወንበሬ ሥር እንደ ንብ አጉረመረመ፣
የጌጁ ቀስት ግን አልተነሣም፤ ሞተሩ ሁለቴ ስሎ ቆመ።

የቆምንበት ዋርም ስፕሪንግስ ይባላል፣
የተዘጋ መጠጥ ቤት፣ ከጀርባው ፍል ውሃ ብቻውን ያወራል።

አስማረ ኮፈኑን ከፈተ፣ ካቻቢቴውን በጥርሱ ያዘ፣
እንደ ሐኪም እጁን ዘረጋ፣ እንደ አለቃ አዘዘ።
“ቴስተር።” ሰጠሁት።
“ፒንሳ።” ሰጠሁት።
“ዝም በይ።” እሱንም ሰጠሁት።

ፊውዙን ነቅሎ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ክሩ አልተበጠሰም።
ሽቦውን ነካካ፤ አሥራ ሁለት ቮልት፣ አልጎደለም።
በጀርባው ሥሯ ገብቶ ማጣሪያውን ፈታ፣
ቤንዚኑ በክንዱ ወርዶ ብብቱ ገባ፤ ሻጩን ረገመው ላንዳፍታ።
“ያ የሪኖ ሰውዬ! ዋጋውን ሲቀንስ መጠርጠር ነበረብኝ፣
የርካሽ ሥጋ መረቁ አይጥምም ያለው ማን ነበር? ጠፋብኝ።”

ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ከብት የጫነ ፒክአፕ ብቻ መጣ፤
ሽማግሌው ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ አንገቱን አወጣ።
“ውሃ አላችሁ?” አለን።
“እንግዲያው አትሞቱም” ብሎ አቧራውን ትቶልን ሄደ።

እኔ ምን ልበል? ጌጁ ግማሽ ነው ይላል፣ ፓምፑ ይዘምራል፣
ነዳጁ እዚያ፣ ሞተሩ እዚህ፤ መሐላቸው ምን ይኖራል?
“ይኑረው አይኑረው በእንጨት ልለካው” ብዬ ተነሣሁ፣
የተሰበረ የድንኳን ዘንግ ከዕቃው መሐል አወጣሁ፣
ክዳኑን ገና ሳላላው

ሽሽሽ—

ታንኩ አየር ሳበ። ረጅም፣ ከሆዱ የመጣ ሲቃ፣
እንደ ዋናተኛ፣ ከውሃ ሥር ቆይቶ ብቅ እንዳለ በቃ።

“አስማረ፣ እስኪ ማብሪያውን ተጫነው።”
ተጫነው። ቀስቱ ተነሣ። የፓምፑ ድምፅ ወፈረ።
“ዝጊው ትርንጎ።” ዘጋሁት። ቀስቱ ደከመው፤ ባለበት ቀረ።
“ክፈቺው።” ከፈትኩት። ነዳጁ ጉዞውን ቀጠለ።
ከጠዋት ወዲህ ዓይኔን ሲያየኝ ያን ጊዜ ነው፤
“አይተነፍስም” አለ።

የመተንፈሻውን ቀጭን ጎማ በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ፣
ጫፉ ላይ እንደ ሸክላ የጠነከረ ነገር ነካሁ።
የጭቃ ተርብ ቤት ሠርታበታለች፣ በምራቋ ለስና፣
ክፍል ከክፍል፣ ለልጆቿ፣ ማንም ሳያያት፣ በጥሞና።
በሽቦ ስወጋው ፈረሰ፤
ስንቅ የነበረች ሸረሪት መዳፌ ላይ ወደቀች፣ እግሯን እንዳጠፈች።
ይህን ያህል ብረት፣ ይህን ያህል ሽቦ፣ ይህን ያህል ስድብ፣
ያ ሁሉ ሊትር ታስሮ የዋለው ጥፍር በምታህል ጭቃ፣ በአንዲት ተርብ።

እጃችንን በአሸዋ አሽተን ተነሣን።
ቶኖፓ ከሩቅ እንደ ተበተነ ፍም መብራቷ ሲታይ
“አስማረ” አልኩት፣ “ማብሪያውን አልሞከርኩትም ነበር፣ ጠዋት፣ ኢላይ ላይ።”

ማርሽ ቀየረ። አንድ ማይል፣ ምናልባት ሁለት፣ ዝም አለ።
“አውቄያለሁ” አለኝ። “እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ነበር።”
“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”
መስኮቱን ዝቅ አደረገው፤ የቀዘቀዘ ነፋስ ገባ።
“ደግሜ ልጠይቅሽ ነበር” አለ፣ “ትቆጫለሽ ብዬ ፈራሁ።”

ከኋላችን ታንኩ ይተነፍሳል፤
የሚሰማ ይመስል፣ ሬዲዮኑን ዘጋሁ።